ተጠያቂነቱ የፈራሚው ነው፦ ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት፣
ለፋይናንስና ለግዥ ዳይሬክቶሬት ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚገኝ የምርምር ገንዘብ አስተዳደርን ይመለከታል

ከሁሉ በፊት ሰላምታችን ይድረስ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድንጽፍ ያደረገን በቅርቡ ለሁሉም ዲፓርትመንቶች የተላለፈው ሰርኩላር ነው። ሰርኩላሩ ከውጭ በመጣ ግራንት ላይ ለጋሹ «አልቀበልም» ያለው ወጪ ካለ፣ ከዋና ተመራማሪው ደመወዝ እየተቆረጠ ይመለሳል ይላል። ከመውጣቱ በፊት ያነጋገረን የለም። ከወጣ በኋላም ላቀረብነው ጥያቄ መልስ አላገኘንም። በዚህ መሀል አንዳንድ ወጣት ተመራማሪዎች የጀመሩትን ፕሮፖዛል ወደ ጎን አድርገዋል። አንድ ረዳት ፕሮፌሰር በደመወዙ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ሌላ ሰው ባዘገየው ግዥ የተነሳ ያንን ደመወዝ ለአደጋ አያጋልጥም፤ አይፈረድበትም።

ቁጥጥሩ ይላላልን እያልን አይደለም። ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው። የሚወጣውም ለእኛው ሕሙማንና ለእኛው ማኅበረሰብ ጥናት ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም መወራረድ አለበት። የምንጠይቀው የማወራረዱ ሥራ የማን እንደሆነ እንዲለይ ነው።

ሰርኩላሩ እዚህ ላይ ከመነሻው ተሳስቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት፣ ሁላችንም ኤንአይኤች የምንለው፣ ግራንት የሚሰጠው ለተቋም ነው። ማመልከቻውን የሚፈርመው ተቋሙ የወከለው ኃላፊ ነው። ዋና ተመራማሪው ሳይንሱን ይመራል፣ ወጪው ለጥናቱ የሚያስፈልግ መሆኑን ያረጋግጣል። ገንዘቡን ተቀብሎ በደንቡ ለማስተዳደር ቃል የሚገባው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በንዑስ ግራንት ሲመጣም ውሉ የሚታሰረው በሁለቱ ተቋማት መካከል ነው። ስለዚህ ለጋሹ ገንዘብ ይመለስልኝ ሲል የሚጠይቀው ፈራሚውን ነው። ፈራሚው ደግሞ ዞሮ የአንድን መምህር ደመወዝ ሲቆርጥ፣ ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የ8 በመቶው ነገርም አለ። ኤንአይኤች ለውጭ አገር ተቋማት ለዓመታት ሲከፍል የኖረው የተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም ለተቋሙ አስተዳደር የሚሰጠው፣ 8 በመቶ ነው። የሚሰላው ከመሣሪያ ግዥና ከመሳሰሉት ጥቂት ወጪዎች በቀር ባለው ቀጥተኛ ወጪ፣ ማለትም ለጥናቱ በራሱ በሚወጣው ገንዘብ ላይ ነው። እነዚህ ተቀንሰው 100,000 ዶላር ቀጥተኛ ወጪ በሚቀረው ፕሮጀክት ላይ 8,000 ዶላር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የሚሰጠው ለምንድነው? የኤንአይኤች የግራንት ፖሊሲ እንደሚያስረዳው፣ ተቋሙ የአሜሪካን ፌዴራል መስፈርቶች ለማሟላት የሚያወጣውን ወጪ ለመደገፍ ነው። የጥናት ተሳታፊዎችን ደኅንነት መጠበቅ፣ የጥቅም ግጭትን መከታተል፣ የምርምር ማጭበርበርን መመርመር፣ ሪፖርት ማቅረብ የመሳሰሉትን ማለት ነው። ሰርኩላሩ በተመራማሪው ጫንቃ ላይ የጣለው ሥራ ለዩኒቨርሲቲው ክፍያው አስቀድሞ የተከፈለበት ሥራ ነው።

8 በመቶው ከየፕሮጀክቱ ይቆረጣል። መቆረጡን አንቃወምም፤ ተገቢ ነው። ለምን እንደዋለ ግን የነገረን የለም። የምናየው ነገር ቢኖር ግራንት መከታተልን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ አንድም ሠራተኛ በዩኒቨርሲቲው አለመኖሩን ነው። ውጤቱን በየቢሮው እየዞርን የምንቀምሰው እኛ ነን።

ምዝገባውን እናንሳ። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በቀጥታ ለማግኘት የሚያመለክት ተቋም ሳም በሚባለው የዚያው መንግሥት የተቋማት መመዝገቢያ ሥርዓት መመዝገብና በየዓመቱ ማደስ አለበት። ከመጋቢት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ የተቋም መለያ የነበረው የድሮው ደንስ ቁጥር ቀርቶ ዩኢአይ የተባለው መለያ ነው የሚሠራው። የውጭ ተቋም ደግሞ አስቀድሞ ኤንኬጅ የሚባል ኮድ ማውጣት ይኖርበታል። በኮዱና በሳም ላይ ያለው የተቋሙ ስምና አድራሻ ካልገጠመ ምዝገባው አያልፍም። የእኛ ምዝገባ የተከፈተው በአንድ ባልደረባችን የግል ኢሜይል ነበር። እሱ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ ሄደ። የማደሻው ማስታወሻ ለእሱ ሲላክ ቆየ፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያየው ሰው የለም። አንዲት ባልደረባችን ወራት የደከመችበትን ማመልከቻ ለማስገባት ስትሞክር የተቋሙ ምዝገባ ጊዜው አልፎበታል አላት። ለማሳደስ ተሯሯጥን፤ አድራሻው አልገጥም አለ። ያ የማመልከቻ ዙር በዚሁ አመለጠ። በአንድ የተቋም ኢሜይልና በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቀን መቁጠሪያ የሚፈታ ነገር ነበር።

ወደ ግዥ እንምጣ፤ ብዙው ጉዳት ያለው እዚህ ነው። ለአንድ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት የተገዛ የምርመራ ኪት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት ነበረበት። ቦሌ ካርጎ ደረሰ። ለጉምሩክ የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ ተረቆ ቀረበ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቀጥሎ ለሥራ ክልል ወጥተዋል ተባለ። ተወካይ አለ ወይ ስንል ውክልናው በጽሑፍ አልተሰጠም ተባለ። ፊርማው ሲገኝ ደግሞ ማኅተም የምትይዘው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነበረች። ኪቱ በመጨረሻ ላቦራቶሪ ሲገባ የላብ ቴክኖሎጂስታችን ካርቶኑን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው የሙቀት መከታተያውን ነው። ቀይ አብርቷል። በዚያ ኪት የሚገኝ ውጤት አይታመንም። ስለዚህ ሙሉውን አስወገደችው። የአክታ ናሙና የሰጡት ሰዎች ግን ውጤታቸውን እየጠበቁ ነበር። አሁን በሰርኩላሩ መሠረት የዚህን ኪት ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ደብዳቤውን ሲያስፈርም የዋለው ተመራማሪ?

የበጀት ዓመት መዝጊያውም ሌላ ጣጣ ነው። ሂሳብ በሰኔ 30 ይዘጋል ተብሎ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ክፍያ ይቆማል። እስኪከፈት ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ይጋመሳል። ግራንቱ ግን የራሱ መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ የእኛን ሰኔ 30 አያውቅም። የአሜሪካው ፌዴራል ደንብ ወጪው በፕሮጀክቱ ዘመን ውስጥ የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። ዘመኑ ካለቀ በኋላ የታዘዘ ዕቃ፣ ቢያስፈልግም እንኳ፣ ተቀባይነት የለውም። የንዑስ ግራንት የመጨረሻ ሪፖርት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። አንድ ፕሮጀክት ክፍያ በቆመባቸው ሳምንታት ውስጥ ቢያበቃ ምን እንደሚሆን ለፋይናንስ ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም። የወባ ጥናት የሚሠሩት ባልደረቦቻችንማ የበለጠ ይጎዳሉ። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። መረጃ ሰብሳቢ የሚቀጠረውና የሚሠለጥነው፣ መኪና የሚዘጋጀው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ላይ ገንዘብ ካልተለቀቀ ወቅቱ ያልፋል። ያለፈ ወቅት ደግሞ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው።

የደመወዝ መዝገቡን ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ደንቡ ከግራንት የሚከፈል ደመወዝ ሰውየው በእርግጥ የሠራውን ሥራ በሚያሳይ መዝገብ እንዲደገፍ ይጠይቃል። በበጀቱ ላይ «30 በመቶ ጊዜውን ይሠራል» ተብሎ የተገመተው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ያዘጋጀው ፎርም የለም፤ ማን እንደሚፈርምበትም አልተወሰነም። ታዲያ የአሜሪካው አጋር ዩኒቨርሲቲ ኦዲተር ይመጣል ሲባል «የዓመቱን ታይምሺት እስከ ዓርብ አስገቡ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ያልተመዘገበ ሰዓት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሞላ ምን ይባላል? ሰውን ሐሰት እንዲፈርም ማስገደድ ነው። ሥራውን በሐቅ የሠሩ ሰዎች ወረቀታቸው የተፈበረከ እንዲመስል እየተደረገ ነው። ይህ በጣም አሳዝኖናል።

የውሎ አበልና የመስክ ወጪም እንደዚሁ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን መኪና የማይገባበት ቀበሌ በሞተር ሳይክል፣ በጋሪ፣ አንዳንዴም በበቅሎ ይሄዳሉ። ባለበቅሎው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አይሰጥም። የፌዴራል ደንቡ እዚህ ላይ ጨካኝ አይደለም። የጉዞ ወጪን የሚመዝነው ተቋሙ ራሱ በጽሑፍ ባስቀመጠው መመሪያ ነው። ደረሰኝ በማይገኝበት ቦታ በምን ሰነድ እንደሚወራረድ ዩኒቨርሲቲው ጽፎ ቢያጸድቅ፣ ለሁሉም ፕሮጀክት በእኩል ቢሠራበት፣ ኦዲተሩ የሚያየው ያንን ነው። አልተጻፈም። ስለዚህ ገንዘቡ በአስተባባሪው ስም ተሰብሳቢ፣ ማለትም እስኪወራረድ ዕዳ፣ ሆኖ ይወጣል፤ ሂሳብ ሠራተኛው በዕለቱ ደስ ባለው መንገድ ይቀበላል ወይም ይመልሳል።

አንዲት የፕሮጀክት አስተባባሪ ሌላ ሥራ አግኝታ ስትለቅ ያልተወራረደ ሂሳብ አለብሽ ተብላ ክሊራንስ ተከለከለች። አወራርጃለሁ ብትል ሰሚ አጣች። ያስገባችው ሰነድ ከፋይሉ ውስጥ አልተገኘም። ያዳናት አስቀርታው የነበረው ኮፒ ነው። እሱን ገጽ በገጽ እስክታስመረምር አዲሱ ቀጣሪ ሌላ ሰው ወሰደ። የፌዴራል ደንቡ ሰነዶች የመጨረሻው የሂሳብ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ለ3 ዓመት እንዲቀመጡ ያዛል። የእኛ ሰነዶች ግን ከደረጃ ሥር በካርቶን ታጭቀው ነው ያሉት። እንደዚያ የተቀመጠ ወረቀት ቢጠፋ አይገርምም። የጠፋበት ዕዳ ግን ወጣቷ ላይ መውደቁ ግፍ ነው።

በምንዛሪው ጉዳይ ረጅም ነገር አንልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የጸደቁ በጀቶቻችን በብር ሲቆጠሩ በአንድ ጊዜ ተለወጡ። ወጪያችን በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚመዘገብ እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልተነገረንም። ይህ ካልተወሰነ ለአጋሩ የምንልከው ሪፖርትና የባንክ መግለጫው ሊገናኙ አይችሉም።

የሥነ ምግባር ግምገማውም ሰው ያስፈልገዋል። ተቋሙ የጥናት ተሳታፊዎችን ለመጠበቅ ለአሜሪካ መንግሥት የገባው የፌዴራል ማረጋገጫ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። የየጥናቱ ፈቃድ ደግሞ የራሱ ማብቂያ አለው። የእኛ ቦርድ ኮረም እየጎደለ ስብሰባው ሲራዘም የአንድ ጥናት ፈቃድ አለፈ። ፈቃድ ሲያልፍ ሥራው መቆም አለበት፤ አቆምን። ልጅ አዝለው ለቀጠሮ የመጡ እናቶችን «ዛሬ አንሠራም» ብሎ የመለሳቸው ቦርዱ አልነበረም። ነርሶቻችን ናቸው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳትም ቸግሯቸው ነበር።

ደንቦቹም ባሉበት አይቆሙም። ከጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤንአይኤች የመረጃ አያያዝና ማጋራት ዕቅድ ይጠይቃል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በንዑስ ግራንት ገንዘብ የሚቀበሉ የውጭ ተቋማት ቢያንስ በዓመት አንዴ የላብ ማስታወሻ ደብተሮቻቸውንና መረጃቸውን ለዋናው ተቀባይ እንዲያሳዩ በውል ይገደዳሉ። እኛ ጋር ግን የጥናት መረጃ አሁንም በየሰው ላፕቶፕና ፍላሽ ነው ያለው። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ በተሻሻለው የፌዴራል ደንብ «መሣሪያ» የሚባለው ዕቃ ዋጋ ከ5,000 ወደ 10,000 ዶላር፣ ኦዲት ግዴታ የሚሆንበት የዓመት ወጪ ከ750,000 ወደ 1,000,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በቢሯችን የሚዞረው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የድሮው ነው። እናንተን ለማሳጣት ያነሳነው አይደለም። ሥራዬ ብሎ የሚያነብ ሰው ከሌለ እንዲህ መሆኑ አይቀርም።

ለምን አሁን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እስከ ዛሬ ብዙውን ጉድለታችንን የሸፈነልን የአሜሪካው አጋር ዩኒቨርሲቲ የግራንት ክፍል ነው። ሪፖርታችንን የሚያርሙት፣ የጎደለውን ደረሰኝ የሚያስታውሱን፣ ቀኑ ሳያልፍ የሚጎተጉቱን እነሱ ነበሩ። ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ኤንአይኤች አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ የውጭ ንዑስ ግራንት እንደማይሰጥ አስታወቀ። ያቀረበው ምክንያት ወደ ውጭ የሚሄደውን ገንዘብ በሚገባ መከታተል ያስፈልጋል የሚል ነው። በአዲሱ አሠራር የውጭው ተቋም ከዋናው ጥናት ጋር የተያያዘ የራሱን ግራንት በቀጥታ ይቀበላል። ገንዘቡን ራሱ ይጠይቃል፣ ሪፖርቱን ራሱ ያቀርባል፣ ለጥያቄውም ራሱ ይቆማል። መሀል ላይ የሚያርምልን አጋር አይኖርም።

ዩኤስኤአይዲ በዚያው ዓመት ሲዘጋ ስንት የኮንትራት ሠራተኛ ቤቱ እንደገባ አይታችኋል። ያንን ውሳኔ እኛም እናንተም ልናስቀረው አንችልም ነበር። የሳም ምዝገባ ማደስ፣ የውክልና ደብዳቤ መጻፍ፣ ታይምሺት ማዘጋጀት ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው። በእጃችን ባለ ነገር ሥራቸውን የሚያጡ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ የላብ ባለሙያዎችና መረጃ ሰብሳቢዎች ሊኖሩ አይገባም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሰርኩላሩ ይነሳ። ማጭበርበር የፈጸመ ሰው ካለ በማስረጃ ይጠየቅ፤ ከማንም በፊት እኛ እንደግፋለን። በአስተዳደር መዘግየት ውድቅ የሆነ ወጪ ግን በግለሰብ ደመወዝ ላይ አይጫን።

ከ8 በመቶው ገቢ ደመወዙ የሚሸፈን የግራንት አስተዳደር ክፍል ይቋቋም። ትልቅ ሕንፃ አንጠይቅም። የፌዴራል ደንቡን የሚያውቅ አንድ ኃላፊ፣ ለፕሮጀክቶች ብቻ የተመደበ የሂሳብ ባለሙያና ግዥና ጉምሩክ የሚከታተል ሰው ለመጀመሪያ ይበቃል። 8 በመቶው በየዓመቱ ምን ያህል ገባ፣ በምን ላይ ዋለ የሚለውም ለተመራማሪዎች በጽሑፍ ይገለጽ።

የሳም፣ የሥነ ምግባር ማረጋገጫና የመሳሰሉት ምዝገባዎች በሙሉ ወደ ተቋም ኢሜይል ይዛወሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቃቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ለመፈረም በጽሑፍ የተወከለ ሰው ሁልጊዜ ይኑር። ቅዝቃዜ የሚፈልግ ዕቃ ሲመጣ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይውጣ።

የመስክ ጉዞ፣ የሥራ ሰዓት አመዘጋገብ፣ የምንዛሪና የሰነድ አያያዝ መመሪያዎች ተጽፈው ይጽደቁ። ረቂቁን ለማዘጋጀት ከመካከላችን ሰዎች መድበናል፤ ጥሪያችሁን ብቻ ነው የሚጠብቁት። በሰኔና በሐምሌ የፕሮጀክት ክፍያ የሚቀጥልበት መንገድ ይበጅ። እያንዳንዱ ዋና ተመራማሪ የፕሮጀክቱን ገቢና ወጪ በየወሩ ይድረሰው። አሁን ቀሪ ሂሳባችንን የምናውቀው ከአሜሪካው አጋር ጠይቀን ነው።

ክሊራንስ የተከለከሉና በስማቸው ተሰብሳቢ የተንጠለጠለባቸው የቀድሞ ሠራተኞች ጉዳይም በአስቸኳይ ይታይ። እነሱ አሁን ከግቢው ውጭ ናቸው፤ የሚከራከርላቸው የለም።

በእነዚህ ነጥቦች ላይ ከመጪው የሴኔት ስብሰባ በፊት የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ተመራማሪዎች፣ ፋይናንስና ግዥ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት ቀንም እንዲቆረጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በዩኒቨርሲቲው በውጭ ግራንት በሚካሄዱ ጥናቶች ላይ የምንሠራ ተመራማሪዎች፣ የፕሮጀክት አስተባባሪዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የጥናት ነርሶችና መረጃ ሰብሳቢዎች

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለውስጥ ኦዲት ዳይሬክቶሬት
ለምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ
ለመምህራን ማኅበር